የፖሊስ የብቃት ምስክር ወረቀት ለሕዝብ የሚሰጥ ዋስትና ነው

መንግሥት የተባለው ኃይል ለሠፊው ሕዝብ በየዕለቱ የሚገለጸው በነጋሪት ጋዜጣ ወይም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይሆን በመንገድ ዳር በሚቆመው ፖሊስ አማካይነት ነው። ሠራተኛውን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ አስቁሞ የሚጠይቀው፣ የጉልት ነጋዴዋን ዕቃ የሚያነሣው፣ በውድቅት በር የሚያንኳኳው፣ የተበዳዩን ቃል የሚቀበለው እሱ ነው። ማሰር፣ መፈተሽና ኃይል መጠቀም ኅብረተሰቡ ለጥቂቶች ብቻ፣ ያውም በሕግ ወስኖ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ስለሆነም ይህን ሥልጣን የሚይዝ ሰው ምን ተምሮ፣ በማን ተፈትኖና በምን ማረጋገጫ ለሥራ እንደሚሰማራ የሚነሣው ጥያቄ የፖሊስ መሥሪያ ቤት የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጉዳዩ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ሠራተኛው ይህን ቁም ነገር ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። አንድ ሾፌር የጭነት መኪና ለመንዳት መማር፣ መፈተንና መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ጥፋት ሲፈጽም ይታገዳል፤ ጥፋቱ ሲከፋ ይነጠቃል። ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚነጥቀውም የመኪናው ባለቤት አይደለም። የብየዳና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም የብቃት ምዘና ይወስዳል። ከእነዚህ ሙያዎች መካከል በሰው ነጻነትና ሕይወት ላይ የፖሊስን ያህል ሥልጣን የተሰጠው አንድም የለም። ታዲያ ከሾፌር የሚጠየቀው ግዴታ ከፖሊስ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው ፖሊስነትን የጉልበትና የወኔ ሥራ ብቻ አድርጎ የሚመለከት ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ጤናማ አካል፣ ታማኝነትና ጠመንጃ እስካሉ ድረስ የቀረው በሥራ ላይ ይለመዳል። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉን ነገር በሥልጠና ሰዓትና በወረቀት ብዛት የሚለካ ጥራዝ ነጠቅ አመለካከት ነው። ሁለቱም በታሪክ ተፈትነው ወድቀዋል።

የመጀመሪያው አመለካከት ያስከተለውን ጉዳት ለማየት ወደ ራሳችን ታሪክ መመለስ ይበቃል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ሕጋዊ መሠረት ሲይዝ፣ መኮንኖችን የሚያሠለጥነው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ በ1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኮሌጁ በጊዜው ትልቅ እርምጃ እንደነበር የማይካድ ሐቅ ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው በገበያ፣ ላብ አደሩም በፋብሪካ በር የሚገናኘው ከኮሌጅ ከወጣው መኮንን ጋር ሳይሆን ከተራው ፖሊስ ጋር ነበር። ዕውቀቱ ከላይ፣ ዱላው ከታች የሚቀመጥበት አሠራር የሥርዓቱን የመደብ ባሕርይ በግልጽ ያንጸባርቅ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአሮጌው ሥርዓት የሹመት ፍልስፍናም በአንዲት የትምህርት ቤት ደጅ የሚቆም አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዝ፣ መርማሪ ፖሊስም በማስፈራራት ወይም በማባበል ቃል እንዳይቀበል ይከለክል ነበር። ሕጉ በጽሑፍ ነበር። ሆኖም ከ15 ዓመት በኋላ በከተሞቻችን የሆነውን ሁሉም ያስታውሰዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ንብረት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች የቀበሌ ማኅበራት ተመሠረቱ። ሕዝቡ በሠፈሩ ጉዳይ እንዲወስን መደራጀቱ ትክክለኛ ዓላማ ነበር። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ታጥቀው ቤት እንዲፈትሹ፣ እንዲያስሩና እንዲመረምሩ ሲደረግ መሣሪያው ከሥልጠናውም ከተጠያቂነቱም ቀድሞ እጃቸው ገባ። ስለ ሕግ አንድ ቀን ያልተማረ ወጣት በጎረቤቱ ልጅ ሕይወት ላይ ፈራጅ ሆነ።

በእርግጥ የቀይ ሽብር ምንጭ የሥልጠና ጉድለት ብቻ አልነበረም። ግድያው ከላይ የተፈቀደ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ባለሥልጣናትም በ1999 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ነው። ዳሩ ግን የላይኛው ትእዛዝ ያለ ታዛዥ እጅ ተግባራዊ አይሆንም። «ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ አልፈጽምም» ለማለት የሚያበቃ ዕውቀትም፣ እምቢ ያለውን የሚከላከል የሙያ ሕግም አልነበረም። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ታጣቂ «ሕዝባዊ» የሚል ስም ስለተሰጠው ብቻ ሕዝባዊ አይሆንም። ሕዝባዊነቱ የሚረጋገጠው በሚያውቀው ሕግ፣ በሚቀበለው ቁጥጥርና ሲያጠፋ በሚደርስበት ተጠያቂነት ነው።

የሁለተኛውን አመለካከት ባዶነት ለማሳየት ደግሞ በካፒታሊስቱ ዓለም ቀዳሚ በሆነችው አሜሪካ የተፈጸመውን እንመልከት። የሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ፖሊስን በፈቃድ የሚያሠራ ቦርድ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜም ከዕጩ ፖሊሶች የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ስትጠይቅ ቆይታለች። በወረቀት ሲታይ ከሌሎቹ የላቀ መለኪያ ነበር። ሆኖም በግንቦት ወር 2020 እ.ኤ.አ. በዚያችው ክፍለ ሀገር በሚኒያፖሊስ ከተማ ዴሪክ ቾቪን የተባለው ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ እጁን በካቴና እንደታሰረ አንገቱን በጉልበቱ ለ9 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ተጭኖ ገደለው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ገዳዩ ያልሠለጠነ አለመሆኑ ነው። ቾቪን 19 ዓመት ያገለገለ፣ ፈቃድ ያለው፣ ከዚያም አልፎ አዳዲስ ፖሊሶችን በሥራ ላይ የሚያሠለጥን ነበር። በአገልግሎት ዘመኑ ከ17 ያላነሱ አቤቱታዎች ቀርበውበታል፤ ፈቃዱ ግን አልተነካም። አብረውት ከነበሩት መካከል ሁለቱ ሙሉ ፖሊስ ሆነው ሥራ ከጀመሩ ሳምንት ያልሞላቸው ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ «በጎኑ እንገልብጠው ወይ?» ብሎ ጠይቋል፤ በትምህርት ቤት የተማረው ይህንኑ ነበርና። ነባሩ ግን እምቢ አለው። የከተማው የፖሊስ አዛዥም በፍርድ ቤት ቀርበው ድርጊቱ ከተሰጠው ሥልጠናና ከመመሪያው ጋር የሚቃረን መሆኑን መስክረዋል። እንግዲህ ሥልጠናው ነበር፤ ወረቀቱም ነበር። የጎደለው አቤቱታን አይቶ ወረቀቱን የሚነጥቅ እጅና ነባሩን «ተው» የሚል ጀማሪን የሚደግፍ ሥርዓት ነው። ንድፈ ሐሳብ በተግባር ካልተደገፈ ዋጋ እንደሌለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ሲባል ግን የሥልጠና ርዝመትና ይዘት ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው መሠረታዊ ሥልጠና 664 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ 83 የሥራ ቀን ይሆናል። በአንጻሩ በፊንላንድ፣ በታምፔሬ ከተማ የሚገኘው የፖሊስ ኮሌጅ የሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያለና ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነው። በ83 ቀን ተኩስና ሰልፍ ማስተማር ይቻላል። የተቆጣን ሰው በንግግር ማብረድን፣ ማስረጃን ሳያበላሹ መሰብሰብን፣ የተደፈረችን ሴት ቃል በክብር መቀበልን፣ የአእምሮ ሕመምተኛን ከወንጀለኛ መለየትን በአግባቡ ማስተማር ግን ረዘም ያለ ጊዜና ብቁ መምህር ይጠይቃል።

የሥልጠናው ይዘት በሕጋችን ላይ መመሥረት እንዳለበት አያጠያይቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው፣ በማስረጃ ሊቀርብ የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥም እንደማይገደድ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን በማሠቃየት ወይም በማስፈራራት ቃል የሚቀበለውን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። መርማሪው ያለ ዱላ እውነትን የማግኘት ሙያ ካልተማረ እነዚህ አንቀጾች ከ1954ቱ ሕግ የተለየ ዕድል ሊገጥማቸው አይችልም። በዱላ የተገኘ ቃል ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ንጹሑን ያስራል፣ እውነተኛውን ወንጀለኛ ያስመልጣል።

በሐቫና እ.ኤ.አ. በ1990 የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቃቸው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ መነሻ ይሰጣሉ። መርሆዎቹ ፖሊስ በሥነ ምግባር፣ በሥነ ልቡናና በአካል ብቃቱ ተመርምሮ እንዲመረጥ፣ ለሥራው ብቁ ሆኖ መቀጠሉም በየጊዜው እንዲፈተሽ ይጠይቃሉ። የጦር መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠውም ልዩ ሥልጠና ላጠናቀቀ ብቻ መሆን እንዳለበት ያመለክታሉ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የፖሊስ የብቃት ምስክር ወረቀት አራት ጠባዮች ሊኖሩት ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ከኮሚሽነሩ እስከ ተራው ኮንስታብል በአንድ መሠረታዊ መለኪያ በተግባር ፈተና የሚገኝ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የጊዜ ገደብ ያለውና በድጋሚ ፈተና የሚታደስ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ፈቃድ ከአጠቃላዩ ምስክር ወረቀት ተለይቶ መሰጠት አለበት። አራተኛና ዋነኛው፣ የሚነጥቀው አካል ፖሊሱን ቀጥሮ ከሚያዘው አለቃ የተለየ መሆን አለበት። የመኪናው ባለቤት መንጃ ፈቃድ እንደማይሰጥ ሁሉ ማለት ነው።

የተነጠቀ ፈቃድ በየትም ቦታ የተነጠቀ ሊሆን ይገባል። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ታሚር ራይስ የተባለውን የ12 ዓመት ልጅ ተኩሶ የገደለው ፖሊስ ቀደም ሲል በሌላ አነስተኛ ከተማ በመሣሪያ ሥልጠና ላይ ብቁ እንዳልሆነ ተመዝግቦበት የለቀቀ ነበር። የክሊቭላንድ ፖሊስ ያንን መዝገብ ሳያይ ቀጠረው። እንግሊዝና ዌልስ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በጥፋት የተባረሩ ፖሊሶች ዳግም እንዳይቀጠሩ የሚያግድ ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሕግ አቋቁመዋል። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ይህ ሥልጣን እንደተጠበቀ ሆኖ በአንዱ ክልል የተባረረ በሌላው እንዳይታጠቅ የጋራ መዝገብ ማስፈለጉ ከዚሁ አደረጃጀት የሚመነጭ ግዴታ ነው።

«ጸጥታው አስቸኳይ ነው፤ የሰው ኃይልና ገንዘብ የለም» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ያልበሰለን ኃይል በችኮላ ማሰማራት ግን ወጪን አይቀንስም፤ ወጪውን በሐሰት በታሰሩት፣ በአካል በጎደሉትና ሕግን በጠሉት ላይ ያዛውረዋል። በሌላም በኩል ፖሊሱ ራሱ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ፣ በደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ነው። ያላስተማሩትን ሥራ ሰጥቶ ሲሳሳት ብቻውን ማስጠየቅ በደል ነው። ብቃቱ በሕግ የተረጋገጠለት ፖሊስ የአለቃውን ሕገ ወጥ ትእዛዝ የሚመልስበት ጋሻ ይኖረዋል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ ከደመወዙ፣ ከሥራ ሰዓቱና ከኑሮው ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የሠፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞችም የማይናቅ ድርሻ አላቸው። ሌባ ሲያዝ «እስቲ ትንሽ አቅምሱልን» የሚል ሕዝብ ፖሊሱ የተማረውን እያስረሳው ነው። ዛሬ በሌባው ላይ የተፈቀደው ዱላ ነገ በራሱ ልጅ ላይ ያርፋል። የተፈጸመ በደልን በጎረቤት ወሬ ከማስቀረት ይልቅ በጽሑፍ ማመልከት፣ ዕጩ ፖሊስ ከየሠፈሩ ሲመለመል ስለ ጠባዩ በዝምድና ሳይሆን በእውነት መመስከር፣ ፖሊስ ሕዝብን በሚያወያይበት ስብሰባ ተገኝቶ «የመረመራችሁት ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ የነቃ ዜጋ ተግባር ነው።

ጠመንጃ በፋብሪካ ይሠራል፤ የደንብ ልብስም በልብስ ስፌት ይዘጋጃል። ፖሊስ ግን የሚሠራው በትምህርት፣ በፈተናና በሕዝብ ቁጥጥር ነው። ሊነጠቅ የማይችል የምስክር ወረቀት ለያዘው ሰው ንብረት እንጂ ለሕዝብ ምስክር አይደለም። የምስክርነቱ ባለቤት ሕዝቡ ነውና፣ ሕዝቡ ሊያየው፣ ሊጠይቅበትና ሲከዳም ሊያስመልሰው ይገባል!