የመድኀኒት አክሲዮንና እኛ ተማሪዎች

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ሻይ ቤቶች ከትምህርት በኋላ የሚሰማው ወሬ ተለውጧል። ቀድሞ ስለ ፈተናና ስለ እግር ኳስ ይወራበት በነበረው ጠረጴዛ ዛሬ አንዱ ባልንጀራችን ስልኩን አውጥቶ፥ «ይህ የአሜሪካ ኩባንያ የካንሰር መድኀኒቱ ሁለተኛውን ሙከራ አለፈለት፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ሠላሳ በመቶ ጨመረ» ይለናል። ሌላው ደግሞ፥ «እኔ የምከታተለው ግን ወደቀ» ብሎ ይተክዛል። ሁለቱም አንዲት አክሲዮን የላቸውም። ሆኖም እንደ ባለንብረት ይደሰታሉ፤ እንደ ባለንብረትም ይከፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እኛ በዚህ ነገር ለመሳቅ አልተነሣንም። የአክሲዮን ነገር ወደ ደጃችን ደርሷልና። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፍቶ፥ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኩባንያዎች ሲወረሱ ቆመ። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና የምንጀምር ነንና፥ ገበያው በባንክ ቢጀምርም በባንክ ብቻ የሚቀር አይመስለንም። ነገ ከቂሊንጦ የመድኀኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ የወጣ አንድ ፋብሪካ አክሲዮኑን ለሕዝብ ቢያቀርብ፥ የሒሳብ መዝገቡን የሚያነብ እንጂ የመድኀኒቱን ሙከራ የሚያነብ ገዢ ከየት ይገኛል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ከዚሁ ከሜክሲኮ ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቡና ሲሸጥ፥ አስቀድሞ ናሙናው ይወሰዳል፤ በባለሞያ ይቀመሳል፤ ደረጃ ይወጣለታል። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ደረጃውን ዐውቆ ነው። አዲስ መድኀኒት የሚያወጣ ኩባንያ አክሲዮን ግን ገና ያልተቀመሰ ቡና ነው። ዋጋ የሚሰጠው ላልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንዴት እንደሚመለስ ባጭሩ እንመልከት። አንድ መድኀኒት በቤተ ሙከራና በእንስሳት ከተፈተነ በኋላ በሰው ላይ ሦስት ደረጃ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያው ለጥቂት ዐሥር ሰዎች ተሰጥቶ ደኅንነቱና መጠኑ ይታያል። በሁለተኛው በመቶ ለሚቆጠሩ ሕሙማን ተሰጥቶ ለመሥራቱ ምልክት ይፈለጋል። በሦስተኛው ብዙ ጊዜ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ተሰጥቶ፥ ከነባሩ ሕክምና ወይም መድኀኒት ከሌለበት አምሳያ ክኒን ጋር ይነጻጸራል። ሁሉም ተደምሮ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በሰው መሞከር ከጀመሩት መካከል ለፈቃድ የሚበቃው ከዐሥሩ አንዱ ገደማ ነው። ትንንሾቹ ኩባንያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገና የሚሸጡት ነገር ስለሌላቸው፥ የሚኖሩት ከባለአክሲዮኖች በሰበሰቡት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከሙከራው በፊት ካለቀ አዲስ አክሲዮን አውጥተው ይሸጣሉ፤ የቀድሞው ባለአክሲዮን ድርሻም በዚያው መጠን ያንሳል።

ዋጋና ማስረጃ አንድ አለመሆናቸውን አንድ ታሪክ ያስረዳል። ባዮጅን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአልዛይመር የመርሳት በሽታ አዱካኑማብ የተባለ መድኀኒት በሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ይፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ግቡን አይመታም ተብሎ ሙከራው ተቋረጠ፤ አክሲዮኑም በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ዋጋውን አጣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኩባንያው፥ «ቁጥሩን እንደ ገና ስንመረምር ከሁለቱ በአንዱ ጥቅም አገኘን» አለ፤ አክሲዮኑ ተነሣ። በኖቬምበር 2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት መሥሪያ ቤት አማካሪ ሊቃውንት ማስረጃው አይበቃም ብለው ፈረዱ። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በጁን 2021 ፈቃድ ሰጠ፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 38 በመቶ ጨመረ። ሦስት አማካሪዎች በውሳኔው ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 56,000 ዶላር የተተመነለት መድኀኒት ግን በቂ ገዢ አላገኘም፤ ኩባንያውም በጃንዋሪ 2024 እንደሚተወው አስታወቀ።

ልብ እንበል፤ ዋጋው ወረደ፥ ወጣ፥ ዘለለ። ሙከራዎቹ ግን ያው ሁለቱ ነበሩ። በስልክ ላይ ዋጋውን ብቻ የተመለከተ ሰው ዜና አየ እንጂ ነገሩን አላየም። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

«የታክሲ ገንዘብ የሚቸግረው ተማሪ ከባሕር ማዶ አክሲዮን ምን አለው?» የሚለን አይጠፋም። መልካም ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከገዛ አገራችን ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አንድ ወንዝ ዳር ሲመራመሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። የብልሃርዚያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ነውና፥ እናቶቻችን በየጓሯቸው ያላቸው ተክል በሽታውን ከምንጩ ለመከላከል እንደሚችል ተገለጸ። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በውጭ ድርጅቶች ዘንድ እንደ በቂ ማስረጃ ሳይቈጠር፥ የሚፈለገው ውድ የደኅንነት ምርመራም ሳይሟላ ብዙ ዓመታት አለፉ። በመካከሉ በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በጀርመን ተሠርቶ የብልሃርዚያ ዋና ሕክምና ሆነ። በ1990ዎቹ ደግሞ የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች የወረረውንና የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት በእንዶድ ለመከላከል የተመዘገበው የፈጠራ መብት የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በዚያ ሥራ ተካፋይ ነበሩና፥ እኛ ተዘረፍን ብለን ብቻ ማልቀስ አይገባንም። ይልቅስ የጎደለውን እንጠይቅ። ተክሉ ነበረ፤ ዕውቀቱ ነበረ፤ ሊቁም ነበረ። ያልነበረው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግር፥ ሙከራውን አንብቦ «ይህ ገንዘቤን ይገባዋል» ለማለት የሚችል ባለገንዘብ ነው።

የካላዛርም ነገር እንዲሁ ነው። በመተማና በሑመራ በረሃ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱትን ወጣቶች የሚያጠቃ በሽታ ስለ ሆነ፥ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የመድኀኒት ሙከራ ተካሂዶበታል። ሙከራውን በመምራት የደከመው ግን ለትርፍ ያልቆመ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ የተዘነጉ በሽታዎች መድኀኒት ድርጅት ነው። ባለአክሲዮን የድኻን በሽታ አይከታተልምና። እንግዲህ የሚታመመው እኛ፥ የሚሞከርበትም እኛ ስንሆን፥ የትኛው መድኀኒት ይሠራ ብሎ የሚወስነው ሌላ ነው። ባለድርሻ መሆን ማለት ከትርፍ መካፈል ብቻ አይደለም፤ በዚህ ውሳኔ ድምፅ ማግኘት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።   የሒሳብ ተማሪዎችና የፋርማሲ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ይገናኙ። በየስብሰባው የአንድ ኩባንያ የሙከራ ማስታወቂያ ይቅረብና አራት ነገር እንጠይቅ። የተሞከረው በስንት ሰው ነው? የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው? የተገኘው ውጤት አስቀድሞ የታቀደው ነው፥ ወይስ በኋላ ተፈልጎ የተገኘ? ኩባንያው ለስንት ወር የሚበቃ ገንዘብ አለው? መልሳችንንና ግምታችንን በመዝገብ ጽፈን ከዓመት በኋላ ከሆነው ነገር ጋር እናመሳክረው። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ መምህር ቢመራን ደግሞ እሰየው ነው።

እስከዚያ ድረስ «የውጭ አክሲዮን እገዛላችኋለሁ» ብሎ በስልክ ገንዘብ ለሚሰበስብ ሰው ከኪሳችን አንዲት ብር እንዳናወጣ ጓደኞቻችንን እንለምናለን። ማንበብ ሳይማሩ መፈረም ዕዳ ነው።

የሚቀጥለው እንዶድ ዛሬ በአንዲት እናት ጓሮ በቅሎ ይሆናል። ሲገኝ ሙከራውን ለማንበብ፥ ሒሳቡን ለመመርመር፥ ድርሻውንም ለመያዝ ተዘጋጅተን እንቆይ።