ዳኞች ያላዩት እጅ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በተካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል ፍፃሜ፣ በሱፐር ቦውል፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ኳስ ተቀባይ ቲ ሂጊንስ የሎስ አንጀለስ ራምሱን ተከላካይ ጄለን ራምሴን የፊት መከላከያውን ይዞ ጎተተው። ተከላካዩ ወደቀ፤ ተቀባዩ 75 ያርድ የሸፈነ ተችዳውን አስቆጠረ። ዳኞች ቢጫውን ጨርቅ አልወረወሩም። በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሕዝብ ግን ደጋግሞ አየው።

ምስሉ እያለ ለምን አልታረመም? ነገሩ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በጥር 2019 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ተቀባይ ኳሱ ሳይደርሰው በራምስ ተከላካይ ሲገጭ ዳኞች ዝም አሉ፤ ራምስም በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸንፎ ለፍፃሜ አለፈ። ቁጣው በመበርታቱ የክለብ ባለቤቶች በ31 ለ 1 ድምፅ፣ አሠልጣኞች እንዲህ ያለውን ጥፋት፣ ተቀባዩ የሚፈጽመውን ጭምር፣ በምስል እንዲያስመረምሩ ፈቀዱ። ይሁንና አብዛኞቹ አቤቱታዎች ውድቅ ሆኑ። ደንቡም አንድ የውድድር ዘመን ብቻ አገልግሎ በ2020 ሳይታደስ ቀረ።

ችግሩ የካሜራ አይመስለኝም። ተቀባይና ተከላካይ ሳይነካኩ አይሮጡም፤ ዳኛው የሚመዝነው መነካካታቸውን ሳይሆን አንዱ በዚያ ያገኘውን ጥቅም ነው። ቅጣቱም አይመጣጠንም። ተቀባዩ ሲገፋ ቡድኑ 10 ያርድ ወደኋላ ይመለሳል፤ ተከላካዩ ሲያጠፋ ግን ኳሱ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቦታ ይቀጥላል፣ 40 ያርድም ቢርቅ። የፊት መከላከያ መጎተት ግን ሚዛን የሚያሻው ነገር አልነበረም፤ አሠልጣኙ የሚያመለክትበት በር ግን ተዘግቷል።

ለነገሩ ያን ምሽት ራምስ 23 ለ 20 አሸንፏል። በ2019 የዳኞች ዝምታ የጠቀመው ያው ቡድን!