የሁሉ የሆነ ሱቅ የማንም እንዳይሆን

ቤት በጓዳ ብቻ አይተዳደርም። የቤት እመቤት ምንም ያህል ቆጣቢ ብትሆን፥ አባወራም ደመወዙን ሳያባክን ወደ ቤቱ ቢያገባ፥ ዘይቱና ስኳሩ፥ ሳሙናውና ዱቄቱ የሚገዛበት ሱቅ ሥርዓት ያጣ እንደ ሆነ፥ በጓዳ የተቆጠበው በሱቅ ደጃፍ ይፈሳል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው በከተማችን በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ስላሉት የሸማቾች ማኅበራት ሱቆች ነው።

የሸማቾች ማኅበር ማለት የአንድ ሠፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፥ ዕጣ ገዝተው፥ ዕቃ በብዛት አስመጥተው፥ በመካከል የሚገባውን የነጋዴ ትርፍ ለራሳቸው የሚያስቀሩበት ማኅበር ነው። የሱቁ ባለቤት ነጋዴ አይደለም፤ መንግሥትም አይደለም፤ ባለቤቶቹ ገዢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዐሳቡ እጅግ መልካም ነው፤ በታማኝነትና በትጋት የሚሠሩ ማኅበራትም አሉና እነርሱን ማመስገን ይገባል። ዳሩ ግን ስሙን ልንጠራው የማንወድ አንድ ሱቅ አለ፤ የእርሱን ነገር ብንጽፍ ብዙ አንባቢዎቻችን የየሠፈራቸውን ሱቅ ያዩበታል ብለን እናስባለን።

በዚህ ሱቅ በር ላይ የመክፈቻው ሰዓት ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተብሎ ተጽፏል፤ የሚከፈተው ግን ሻጩ በመጣ ጊዜ ነው። በሩ ተዘግቶ የተገኘ እንደ ሆነ ምክንያቱ «ስብሰባ» ይባላል። በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ የሚበዛው ዋጋው አልተጻፈበትም፤ የጠየቀ ሰው ዛሬ አንድ ዋጋ፥ ነገ ሌላ ዋጋ ይሰማል። ሚዛኑ ፊቱን ወደ ሻጩ፥ ጀርባውን ወደ ገዢው አዙሮ ተቀምጧል። ስኳሩ አስቀድሞ በላስቲክ ተቋጥሮ «አንድ ኪሎ ነው» ይባላል፤ ወደ ቤት ተወስዶ ሲመዘን ግን ኪሎ አይሞላም። ዘይት የሚፈልግ ሰው ማንም ያልገዛውን፥ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን መኮሮኒ አብሮ እንዲወስድ ይገደዳል። መልስ የጠየቀ «ዝርዝር የለም» ይባልና በአምስት ብር ፈንታ ከረሜላ ይሰጠዋል፤ ያንኑ ከረሜላ በማግሥቱ መልሶ ቢያመጣው ግን እንደ ገንዘብ የሚቀበለው የለም። በስልክ ልክፈል ያለም እንደ ሆነ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ወረፋውማ ሁለት ነው፤ አንዱ በፊት ለፊት ቆሞ የሚጠብቅ፥ ሁለተኛው በጓሮ በር ገብቶ ጀሪካኑን ሞልቶ የሚሄድ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን የዕቃው ነገር አይደለም። አንድ ቀን ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ እናት ከንጋት ጀምረው ቆመው፥ ተራቸው በደረሰ ጊዜ ዋጋው ስንት እንደ ሆነና ደረሰኝ ይቈረጥ እንደ ሆነ ጠየቁ። የልጃቸው እኩያ የሚሆነው ሻጭ ቀና ብሎም ሳያያቸው «ከፈለግሽ ውሰጂ፤ ካልፈለግሽ ተዪው» አላቸው። በወረፋ ያለው ሰው ሻጩን ይቈጣል ብለን ስንጠብቅ፥ ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች «እማማ፥ እባክዎ ይተዉት፤ ተናዶ እንዳይዘጋብን» እያሉ እርሳቸውን ለመኗቸው። የተሰደቡት እርሳቸው ሲሆኑ ይቅርታ ጠያቂም እርሳቸው ሆኑ። እኛም ሻጩን «እኚህ እናት እኮ የዚህ ሱቅ ባለቤት ናቸው» ብንለው ሳቀ፤ ከወረፋውም የሳቁ ነበሩ። ነገሩ ግን ለሣቅ አልነበረም፤ እናቲቱ የማኅበሩን የአባልነት ደብተር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ነበርና።

እንግዲህ የበሽታው ሥር እዚህ ላይ ነው። ሱቁ የተበላሸው ሻጩ ባለጌ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ባለቤትነታቸውን ስለ ረሱ ነው።

የረሱበትም ምክንያት አለው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ ከዚያም በኋላ በደርግ ዘመን ስኳር፥ ጨው፥ ሳሙናና ሌላውም አስፈላጊ ዕቃ በቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደል ጀመር። ለድኻው ቤት ይህ ዕደላ በችግር ቀን ደግፎታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ካርድ ይዞ መቆም የለመደ ሕዝብ ሻጩን እንደ ሰጪ፥ ራሱንም እንደ ተቀባይ መቍጠር ለመደ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ንግዱ ከተለቀቀ በኋላም ልማዱ አልለቀቀንም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ በወሰነ ጊዜ ዕቃው ከብዙ ሱቆች መደርደሪያ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የሚበዛው የዋጋ ጣሪያ ተነሣ። በዚያ ዘመን የድጎማው ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል፥ ወረፋው እንደ ገና ረዘመ።

የአነጋገራችንን ነገር ልብ በሉ። «ዛሬ ዘይት ይሰጣል»፥ «ትናንት ስኳር ሰጡ» እንላለን። ገንዘባችንን ከፍለን የወሰድነውን ዕቃ ተሰጠን እንጂ ገዛን አንልም። ለሰጠ ሰው ምስጋና እንጂ ጥያቄ አይቀርብለትምና፥ በዚህች በአንዲት ቃል መብታችንን በገዛ አፋችን እንተወዋለን።

ዕቃው የሚጐድለው ሁልጊዜ በሱቁ ጥፋት እንዳልሆነም እናውቃለን። ከአዲስ አበባ የተነሣ ጭነት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ እኛ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ የተዘጋበት፥ ዕቃም የታጣበት ጊዜ ነበረ። በሌላ ወገን ደግሞ ኑግ የሚበቅለው በእኛው በጎጃም ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ታላቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ በከተማችን በደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ ተሠርቷል። ስለዚህ ሩቅ አገር የነበረው ዕቃ ቢቀርብልን እንኳ፥ የማከፋፈሉ ሥርዓት ካልተስተካከለ ከፋብሪካው እስከ ጓዳችን ያለችው አጭር መንገድ ከዓባይ በረሃ ትከብዳለች ማለት ነው። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ቢጠፋ ማንም ሻጩን አይወቅስም፤ የመጣው ዕቃ ሲሰወር፥ ሚዛን ሲጐድልና ሽማግሌ ሲሰደብ ግን የመንገድ መዘጋት ምክንያት አይሆንም።

በዚህም የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ገንዘብ ያለው ሰው ተቈጥቶ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ትንሽ አስበልጦ ይከፍልና ነገሩን ይረሳዋል። የቀን ሠራተኛው ግን ለሁለት ሊትር ዘይት ግማሽ ቀን ሲቆም የግማሽ ቀን ሙያው ይቀርበታል፤ በዘይቱ ያተረፈውን በቀረው ሥራ ይከስራል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ወረፋ ላይ ስትውል ምጣዷ ሳይሰማ ይውላል። ሱቁ የተቋቋመው ለእነርሱ ሲሆን፥ በሱቁ ብልሽት አብልጠው የሚጐዱት እነርሱ ናቸው።

የሸማቾች ማኅበር መልካም አብነት ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም.) 28 ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሸማኔዎች፥ 28 ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በመጀመሪያ የሸጡት ቅቤ፥ ስኳር፥ የስንዴ ዱቄት፥ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበረ። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብዙ ነጋዴዎች በዱቄቱ ውስጥ ባዕድ ነገር እየቀላቀሉ ይሸጡ ነበርና፥ እነዚህ ሰዎች ያልተቀላቀለ ዕቃ በሙሉ ሚዛን ለመሸጥ ቈረጡ። ዱቤ አልፈቀዱም፤ ከትርፉም እያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ይካፈል ነበር፤ ባለብዙ ዕጣም ቢሆን ባለአንድ ዕጣም ቢሆን፥ ወንድም ሴትም፥ ድምፁ አንድ ብቻ ሆነ። በዓለም ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እስከ ዛሬ ድረስ እነዚህን ሰዎች እንደ አባቶቻቸው ይቈጥሯቸዋል። ሱቃቸውን ያቆመው የገንዘባቸው ብዛት አልነበረም፤ ሒሳቡን ራሳቸው ስለ ተቈጣጠሩት ነው እንጂ።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ2009 ዓ.ም. የታወጀው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 985 የማኅበሩ የበላይ ሥልጣን የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ መሆኑን፥ ለእያንዳንዱም አባል አንድ ድምፅ እንዳለው ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ፥ ለሸጠውም ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል። ሸማች ዋጋና ጥራት ስለ ጠየቀ ብቻ ለመግዛት እንዳይገደድ፥ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፥ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቷል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛም ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ተጽፏል። እንግዲህ እኚያ እናት ዋጋና ደረሰኝ ሲጠይቁ ያስቸገሩ መስሏቸው የለመኗቸው ሰዎች፥ እርሳቸው የጠየቁት በሕግ የተጻፈውን እንደ ሆነ ባወቁ መልካም ነበር።

ሕግ ግን ብቻውን ተነሥቶ ሱቅ አይሄድም። እኛ ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነውና በየቀኑ የምናየውን እንናገር። ሰው በደሉን በቃል ሲናገር ይውላል፤ ቀኑ መቼ ነበር ሲባል አያስታውስም፤ ደረሰኙን ሲጠየቅ የለውም፤ ምስክሩም ማን እንደ ነበረ አያውቅም። በወረፋ ላይ የተነገረ ምሬት ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀን ተጽፎበት፥ ተፈርሞበት፥ በመዝገብ የገባ አቤቱታ ግን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የሚከተለውን እንመክራለን።

መጀመሪያ፤ ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቅ አለመውጣት፥ ደረሰኙንም በአንድ ቦታ ማኖር። ሁለተኛ፤ የተቋጠረ ዕቃ በፊታችን እንዲመዘን፥ ሚዛኑም ፊቱን ወደ እኛ እንዲያዞር በትሕትና መጠየቅ። ሦስተኛ፤ ወደ ሱቅ የሚላኩ ልጆች የዕቃውን ዋጋ ጽፈው እንዲመጡ፥ መልሱንም ቈጥረው እንዲቀበሉ ማስተማር፤ ይህ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ የማያንስ ትምህርት ነው። አራተኛ፤ በደል በደረሰ ጊዜ ቀኑን፥ የዕቃውን ዓይነት፥ የተከፈለውን ገንዘብና የምስክሮቹን ስም በሁለት ወረቀት ጽፎ አንዱን ለማኅበሩ የቍጥጥር ኮሚቴ መስጠት፥ በሁለተኛው ላይ ግን ተቀባዩን አስፈርሞ ማስቀረት። መልስ የታጣ እንደ ሆነ የከተማው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትና የንግድ ጽሕፈት ቤት አሉ፤ ያ የተፈረመበት ወረቀት በዚያ ጊዜ ይጠቅማል።

አምስተኛውና ዋናው ግን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው መሄድ ነው። ለሁለት ሊትር ዘይት ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው፥ በዓመት አንድ ቀን ለሚደረግ ጉባኤ «ጊዜ የለኝም» ሲል እንሰማለን። በጉባኤውም የሚጠየቀው ረዥም ነገር አይደለም። ስንት ኩንታል ስኳር ገባ? ስንት ሊትር ዘይት መጣ? በስንት ደረሰኝ ተሸጠ? ስንቱ ተበላሸ ተባለ? ሒሳቡን ማን መረመረው? ትርፉስ ወዴት ገባ? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ድምፅ ሲጠየቁ እንደ ጠብ ይቈጠራሉ፤ በሃምሳ ድምፅ ሲጠየቁ ግን ሥራ ይሆናሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን? ሁሉም ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ ግን፥ አንቺ ታማስዪ አንቺ ታማስዪ ሲባባሉ ወጡ ሳይማሰል አረረ እንደ ተባለው ይሆናል።

ለሻጮቹም የምንለው አለን። ደመወዛችሁ ትንሽ፥ ሥራችሁ ብዙ መሆኑን፥ አንድ ሰው ለመቶ ሰው ሲመዝን መድከሙን እናያለን። ድካማችሁ እንዲቀልላችሁ ኮሚቴውን ረዳት ብትጠይቁ አባላቱ ከእናንተ ጋር ይቆማሉ፤ ዋጋውንም በግድግዳ ብትለጥፉት ከመቶ ሰው ጥያቄ ታርፋላችሁ። ከእናንተ ፊት የሚቆሙት ሰዎች ግን ለማኞች አይደሉም፤ የእናንተን ደመወዝ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። አንድ ቃል አክብሮት ከመጋዘን ወጪ አይደረግበትም፤ ኮታም የለውም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በሚመጣው ወር ወደየሱቃችን ስንሄድ ከቤታችን «ዘይት ሊሰጡን ነው» ብለን ሳይሆን «ዘይት ልንገዛ ነው» ብለን እንውጣ። ነገሩ ከዚህች ቃል ይጀምራል። ከፊታችን ያሉት እናት ዋጋ ቢጠይቁም «ይተዉት» ከማለት ይልቅ «እማማ የጠየቁት ይመለስላቸው፤ እኛም እንሰማለን» ብንል፥ ሱቁ ባለቤቶቹን ያገኛል።