ስደተኛ የሙያ ስም አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ናይሮቢ ያሉ ልጆቻችን «እስቲ እየው» እያሉ የሊንክድኢን ገጻቸውን ይልኩልኛል። ከስማቸው ሥር ያለው መስመር ከአንድ እጅ የወጣ ይመስላል፦ «ስደተኛ፣ የወጣቶች መሪ፣ ለውጥ አምጪ፣ በጎ ፈቃደኛ»። ወረድ ስትሉ ሰርተፊኬት ነው፤ የሁለት ቀን፣ የሦስት ቀን፣ የአምስት ቀን ሥልጠና። ከሁሉ በታች፣ የማንም ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ ልጁ አገር ቤት ለዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ እንደነበረ ወይም አራት ቋንቋ እንደሚተረጉም ተጽፏል።

ይሄ ገጽ የሚያናግረው ለጋሽን ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ነው፣ ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት። ደጅ ጥናት ነው። ደንበኛ ደግሞ ደጅ የሚጠናበት ሰው አይፈልግም።

ልጆቹን አልወቅስም። የምወቅሰው «ታሪክህን ንገር፣ ስደትህ መለያህ ነው» ብለው ያስተማሯቸውን ነው። ያ ታሪክ ለሥልጠናው አዘጋጅ ይጠቅማል፤ ሪፖርት ላይ ይገባል፣ ፎቶ ይሆናል፣ የሚቀጥለውን በጀት ያመጣል። የልጁን የኢስሊ ቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

እስቲ በገዢው ዓይን እዩት። ኪሊማኒ ምግብ ቤት ያለው ሰው የጨነቀው ነገር አለ። ከጥር 2024 ጀምሮ በኢቲምስ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ አይቀነስለትም። ሥጋውን፣ ሽንኩርቱን፣ ከሰሉን ከማን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ይሄ ሰው «ጽኑ ወጣት» ብሎ አይፈልግም። «ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ወርሃዊ ሒሳብ እሠራለሁ፣ የኢቲምስ ደረሰኝ አስተካክላለሁ፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊ» የሚል መስመር ካየ ግን ይጽፍልሃል። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ ከስምህ ሥር ያለው መስመር ስለ እሱ ችግር ያወራል።

ሊንክድኢን ለዚያ መስመር የሚሰጠው 220 ፊደል ነው። ፍለጋ ላይ፣ አስተያየት ስትሰጥ፣ መልእክት ስትልክ፣ ስምህን ተከትሎ የሚዞረው እሱ ነው። «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል 2,600 ፊደል ይይዛል፤ አንባቢው «ተጨማሪ» የሚለውን እስኪጫን ድረስ የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። እኛ እነዚያን መስመሮች «ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ» ብለን እንጨርሳቸዋለን። ታታሪ አይደለሁም ብሎ የሚጽፍ አለ እንዴ?

አስተዳደጋችን ራስን ማወደስ ነውር ነው ይላል፣ አውቃለሁ። የምሠራውን፣ ለማን እንደምሠራ፣ በስንት ቀን እንደማደርስ መናገር ግን ጉራ አይደለም። ሐበሻ ቀሚስ የምትሰፊ እህቴ፣ ጥልፉ ጎላ ብሎ የሚታይበት ፎቶ፣ መነሻ ዋጋና የማድረሻ ቀን ይበቃሻል። ተርጓሚ ወንድሜ፣ ለሕዝብ ይፋ የሆነ አንድ ሰነድ ተርጉመህ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ የደንበኛ ምስጢር ያለበትን ወረቀት ግን አደራ። ከፍሎ ያሠራህ አንድ ሰው የሚጽፍልህ ሦስት መስመር ምስክርነት ከአሥር ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ካኩማና ዳዳብ ለነበራችሁ ደግሞ፦ «ኢንሴንቲቭ ሠራተኛ» የሚለውን ከገጻችሁ አውጡት። ያ የክፍያ ዓይነት ስም ነው፤ ከመደበኛ ደመወዝ በታች እያሠሩ የሰጡን ስም። ሥራው ማስተማር ከነበረ መምህር፣ መተርጎም ከነበረ ተርጓሚ በሉ። በራሳችሁ እጅ «እኔ ርካሽ ነኝ» ብላችሁ አትለጥፉ።

«ታዲያ ማንነታችንን እንደብቅ?» የሚሉኝ አሉ። እኔ እዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ ስደተኛ እያልኩ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እዚህ የምንከራከረው ስለ መብት ነውና። እዚያ ገበያ ነው። ሥራው ራሱ የሚፈልገው ከሆነ፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ የምታስተረጉሙ ከሆነ፣ የካኩማ ዓመታችሁ ልምድ ነውና ጻፉት። የተሰደዳችሁበትን ምክንያት ዝርዝር ግን ለዓለም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አትዘርግፉ። የሸሻችሁት ሰው ሊንክድኢን መክፈት ይችላል። የአባት ስማችሁን ለማያውቋችሁ ሰዎች የሚሸፍን፣ ገጹ ከሊንክድኢን ውጭ ባሉ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገኝ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ተጠቀሙበት።

አሁን አሠልጣኞቹ ወደሚዘሉት ክፍል ልምጣ። ገጹ አምሮ፣ ደንበኛው መጥቶ፣ ዋጋ ተስማምታችሁ፣ ከዚያ «ፒን ቁጥርህን ላክልኝ፤ የሥራ ፈቃድ አለህ?» ይላል። እዚያ ላይ ስንቱ ወሬ ተቋርጧል! ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ2021 የጸደቀውና በየካቲት 2022 ሥራ ላይ የዋለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 28 እውቅና ያገኘ ስደተኛ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ የመሥራት፣ የሙያ ማስረጃው እዚህ አገር ተቀባይነት ካገኘም በሙያው የመሰማራት መብት አለው ይላል። ለስደተኛ የሚሰጠው ክላስ ኤም የሥራ ፈቃድም ክፍያ የለውም። ነፃ ነው! ነፃ የሆነውን ነገር ለማግኘት ግን መመላለሱ፣ «ነገ ና» መባሉ፣ መታወቂያው እስኪታደስ መጠበቁ፣ አገር ቤት የቀረውን ዲፕሎማ ማስመጣቱ አለ። ይሄንን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሻይና ሳምቡሳ አቅርቦ፣ በስላይድ የሚፈታ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ለድርጅቶቹ ጥያቄ አለኝ። ለሚቀጥለው «ዲጂታል ክህሎት» ሥልጠና የያዛችሁትን ገንዘብ ግማሹን ለአንድ ጠበቃና ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ክፈሉበት። ሠላሳ ሰው ይዘው ከክላስ ኤም ማመልከቻ እስከ ፒን ቁጥር አብረው ይመላለሱ። ሪፖርታችሁ ላይም ስንት ሰው እንደሠለጠነ ሳይሆን ስንቱ ፈቃድ እንዳገኘ ጻፉ።

ገጻችሁን ለምትልኩልኝ፦ ላኩ፣ ማታ ማታ አያለሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን የመጀመሪያውን መስመር ደምስሳችሁ፣ ምን እንደምትሠሩና ለማን እንደምትሠሩ ጽፋችሁ ይሁን።