ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት

በጋምቤላ ለምትገኙ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ኃላፊዎችና አሠልጣኞች፣

የምጽፍላችሁ ከጀዊ ነው። ከዚህ የስደተኞች መጠለያ ወጣቶች ጥቂቶቹ በትምህርታቸው በርትተው እናንተ ዘንድ ደርሰዋል፤ ቁመታቸውንና ፍጥነታቸውን አይታችሁም ለቅርጫት ኳስና ለሩጫ መርጣችኋቸዋል። ስለዚህ እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ሜዳ ላይ የዛለው ልጅ «ሰነፍ» ሲባል፣ አርፍዶ የመጣውም ሜዳውን ዙር ተብሎ ሲቀጣ እሰማለሁ። ለመሆኑ ያ ልጅ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛ ብሎ የጠየቀ አለ?

የጋምቤላን ሌሊት ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ግድግዳና ቆርቆሮ የዋጡትን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ይተፉታል። ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ደግሞ የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት። ብዙ ልጆች በታጨቁበት ዶርም ደህና እንቅልፍ አንዳንዴ የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። 11 ሰዓት ላይ ፊሽካ ይነፋል።

በማለዳ የምትነፉበትን ምክንያት አልክድም፤ በዚህ አገር በቀትር ማሠልጠን በልጆች ሕይወት መቀለድ ነው። የከፋው የጎደለው እንቅልፍ በቀን የሚካካስበት ሰዓት አለመኖሩ ነው። ኑሮው ሩጫ የሆነ የደጋ አትሌት ማለዳ ሮጦ፣ በልቶ፣ ተመልሶ ይተኛል። የእኛ ተማሪ ግን ከሜዳ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ጥናት ነው። የበቆጂን ሰዓት ያለበቆጂ ብርድ ወደ ባሮ ዳር ማምጣት አይሆንም።

ወባም አለች። አጎበር አየር ስለሚያፍን በሙቀቱ ወራት ገልጦ የሚተኛው ብዙ ነው። ያን ጊዜ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ፍለጋ የሳምንታት ትኩሳትና ድካም ያመጣል፤ ከሕመሙ የተነሣውን ልጅ በሦስተኛው ቀን ወደ ሜዳ የሚጠራ አሠልጣኝ ካለ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሥራውን አላወቀውም።

እንቅልፍ ቅንጦት ለሚመስለው አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 11 የኮሌጁን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት ያህል አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረገ። የነጻ ውርወራቸውም የሦስት ነጥብ ውርወራቸውም በ9 በመቶ ገደማ ተሻሻለ፤ በ16.2 ሰከንድ ይጨርሱት የነበረውን ሩጫም በ15.5 ጨረሱት። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ለንጽጽር የተመደበ ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ቢሆንም አዲስ ጫማ ወይም ተጨማሪ ልምምድ ይህን ያህል ቢሰጥ ኖሮ በጀት ትለምኑበት ነበር።

ይየች ፑር ቢየልን ታስታውሱት ይሆናል። ባሮ ሶባት ሆኖ በሚያልፍባት በናስር ተወልዶ፣ በኬንያ በካኩማ መጠለያ ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለስደተኞች ቡድን 800 ሜትር ሮጧል። ከዚያ በፊት ግን ከካኩማ አውጥተው በናይሮቢ አቅራቢያ ንጎንግ በሚገኝ የሥልጠና ካምፕ አስገብተውታል። ከመጠለያ ጎጆ ውስጥ እያደረ ለዓለም መድረክ እንዲደርስ የጠበቀው አልነበረም።

የምለምናችሁ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በሙቀቱ ወራት ከሳምንቱ ልምምድ ከፊሉን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አድርጉት። ማለዳ ግድ ከሆነም ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ለእንቅልፍ ተዉላቸው፤ ዶርሙ በቀን ምድጃ ነውና ቬንቲሌተር ያለው አንድ አዳራሽ ይከፈትላቸው፣ ያም ካልተገኘ የማንጎ ጥላ ይበቃል። የማታውን ድምፅ ማጉያ ፕሮክተሮቹ ያስቀንሱ። አዲስ አበባ ለውድድር ስትሄዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ላይ የተንገላታ ቡድን በማግስቱ ጠዋት አይሰለፍ፤ የአንድ ሌሊት የአልጋ ወጪ ከጉዞው ወጪ ጋር አብሮ ይያዝ።

የመጪው ሴሚስተር የልምምድ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት፣ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ተጫዋቾቹን «ስንት ሰዓት ተኛችሁ?» ብላችሁ መዝግቡ። ቁጥሩን አይታችሁም ሰዓቱ እንዳለ ይቀጥል ካላችሁ፣ ምክንያቱን ለልጆቹ ፊት ለፊት ንገሯቸው።