ቀዩ ትራክተር በኪሎ ይሸጥ?

እስኪ መጀመሪያ እናንተን ልጠይቅ። መንገድ ላይ በደንብ የተያዘች አሮጌ ቮልስ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ዞር ብላችሁ ታያላችሁ፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ አጠገቧ ፎቶ ትነሳላችሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ። በደንብ የተያዘ አሮጌ ትራክተር ብታዩስ? (ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል!)

ነገሩ እንዲህ ነው። አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ፣ በአያቴ ጓሮ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ማሲ ፈርጉሰን 135 ቆሟል። አያቴ አምና አረፉ። ባለፈው ወር ቤተሰቡ ስለ ንብረቱ ሲነጋገር አጎቴ «ያ ብረት በኪሎ ቢሸጥ ጥሩ ያወጣል» አለ። ማንም አልተቃወመም። እኔም ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ መናገር ባለብኝ ሰዓት ዝም አልኩ! ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ካሳ ይሁንልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ብረቱ። 135 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራ የነበረ ትራክተር ነው። የኛው ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ ወደ 45 ፈረስ ነው። ትልቁ ነገር ግን ያለው ከኋላው ነው። የአየርላንድ ገበሬ ልጅ የነበረው ሃሪ ፈርጉሰን፣ ቀድሞ እንደ ተጎታች ይሳብ የነበረውን ማረሻ በ3 ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። ማረሻው ጠጣር አፈር ሲገጥመው ሃይድሮሊኩ በራሱ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ጫናው ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚዞር ትንሹ ትራክተር መሬቱን ቆንጥጦ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ኮምፒውተር!

አያቴ ተበላሽቶ የቆመውን በ1980ዎቹ መጨረሻ በጨረታ ገዝተው በእጃቸው አስነሱት። ቀለም አላስቀቡትም፤ «ቀለም ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ ይደብቃል» ይሉ ነበር። ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረበትን ቀን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፈዋል። እንደዚያ ደብተር የታመነ ዘገባ እስካሁን አልጻፍኩም።

ቆንጆ ስለሆነ ብቻ ግን ይህን ሁሉ አልለፈልፍም ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ተከፈተ። ዓላማው በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ስንዴ ትርፍ እንዳለው ያዩ ባለመሬቶች ግን ከቀረጥ ነፃ የሚገባውን ትራክተር እየገዙ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ጭሰኛው በሬዎቹን እየነዳ ተነሣ። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወጥተው ነበር፤ ጭላሎ ላይ ግን አራሹ ትራክተር እየሆነ ሄደ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ስንቱ ቤተሰብ ከመሬቱ ተነቀለ።

ያኔ አያቴ የ19 ዓመት ልጅ፣ የአንድ ባለመሬት ትራክተር ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን ዘይት ሲቀይሩ ጠየቅኳቸው። ቀና ሳይሉ «ሰዎቹ ጎጇቸውን አፍርሰው እስኪጨርሱ ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኳቸው፤ ከዚያ አረስኩት» አሉኝ። ከሰዎቹ አንዱ የእናታቸው ወንድም ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ትራክተር ሁለት ታሪክ አለው፤ የሚያኮራና የሚያሳፍር። በኪሎ ከሸጥነው ሁለቱም አብረው ይቀልጣሉ። ሪዞርት በር ላይ አበባ ተተክሎበት ቢቆምም ያው ነው፤ ፎቶ እንነሳበታለን እንጂ ማን እንደነዳው፣ ማንን እንዳስነሣ አንጠይቅም። እኔ የምለው፣ ይሥራ! ተጎታች ይሳብ፣ ስንዴ ያመላልስ፣ የመካኒክ ተማሪዎች ፈትተው ይግጠሙት። የሚሠራ ትራክተር አጠገብ የቆመ ሰው ወሬ ይጠይቃል፤ ያኔ ሁለቱንም ታሪክ እንነግረዋለን።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች ያስተምራል፤ የሚለው ገንዘብም እውነተኛ ነው። በአያቴ ትዝታ የሱን ልጆች ትምህርት ቤት መክፈል አልችልም። ስለዚህ ትናንት ደወልኩለትና ድርሻውን ከደመወዜ ቀስ በቀስ ልክፈልህ አልኩት። (የጀማሪ ጋዜጠኛ ደመወዝ የምታውቁ፣ እባካችሁ አትሳቁ።) «ዘይት መቀየር መቼ ተማርሽና?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ግን «እስኪ ቅዳሜ ነይ፤ አሳይሻለሁ» አለ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ደብተሩን ይዤ። እናንተም አገር ቤት ስትገቡ ጓሮ የቆመ አሮጌ ብረት ካያችሁ፣ ስንት ያወጣል ከማለታችሁ በፊት ማን እንደነዳው ጠይቁ። የሚመልሱልን ሰዎች ከብረቱ ቀድመው እያለቁ ነው።