ድመትም «የእብድ ውሻ በሽታ» ይይዛታል

ስሙ ነው ያሳሳተን። «የእብድ ውሻ በሽታ» ስላልነው ውሻውን አስከትበን ድመቷን እንተዋታለን። ሬቢስ ግን ድመትንም፣ ላምንም፣ አህያንም፣ ሰውንም ይይዛል። አዎ፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ድመቷንስ የሚነክሳት ማን ሆነና? ያው የሰፈር ውሻ አይደለም እንዴ?

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ድመቴን ላስከትብ ነው፤ የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ኑሮው ተወዷል። ያናደደኝ ቀድሞ የደረሳት ምክር ነው። «ከቤት ካልወጣች ሬቢሱን ተዪው» ያላት ሰው አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት የማትወጣ ድመት የማን ናት? ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየዘለለች ሦስተኛው ግቢ ትደርሳለች። የኮንዶሚኒየሟም ብትሆን በር ሲከፈት ደረጃው ላይ ናት። አይጥ እንድትይዝ አምጥተናት «የቤት ውስጥ ናት» ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ሌሎቹ ክትባቶች ድመቷን ነው የሚጠብቁት፤ ሬቢሱ ግን ጅራቷን የሚጎትተውን ልጃችሁንም ይጠብቃል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም፣ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ 12 ሳምንት ሲሞላት ትከተብ፣ በዓመቱም ይደገምላት።

ቀጥሎ ያ ሦስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው አለ። አንዱ ፓንሉኮፔኒያ ነው፤ ግልገሎችን በትውከትና በተቅማጥ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ሄርፒስና ካሊሲ ደግሞ ዓይንና አፍንጫዋን የሚያዝረከርኩት ናቸው። ከ6 እስከ 8 ሳምንቷ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ አስወግታችሁ «ተከትባለች» የምትሉ አላችሁ! ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ የመጀመሪያውን መርፌ ሊያከሽፈው ስለሚችል እኮ ነው የሚደገመው። (ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተማርኩት?)

የሉኬሚያው ክትባት ላይ ግን እስማማለሁ፤ ከሌላ ድመት ጋር ለማትገናኝ አዋቂ ድመት ሊቀር ይችላል። ገንዘብ መቆጠብ ከሆነ፣ እዚህ ጋ ቆጥቡ።

ደግሞ «የነከሰችኝ ድመት ናት፣ ምንም አይደል» ብላችሁ ቤት የምትቀመጡ፦ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበሉን ማንም አልከለከላችሁም፣ ግን መርፌው አይቅር።

«ሬቢሱን ተዪው» ያላት ሰው ይህን ካነበበ እዚሁ ሥር ይመልስልኝ። ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።